ሞሻቭ እንዴት ይሠራል? መሬቱ የማን ነው፣ ዕዳውስ የማን?

እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት ወይም ቂርያት ማላኺ አካባቢ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሞሻቭ የሚባለውን የገበሬዎች ማኅበር መንደር በዓይን ያውቀዋል። ከአውቶቡስ መስኮት ያየዋል፣ አለዚያም ማሸጊያ ቤቱ ውስጥ በቀን ሥራ ገብቶበታል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤቶች ተደርድረዋል፤ ከየቤቱ ጀርባ ረጅም ጓሮ አለ፤ ከጓሮው ወዲያ የዶሮ ቤት፣ የላም በረት፣ በላስቲክ የተሸፈነ የአትክልት ማሳ ይታያል። ላይ ላዩን ሲያዩት እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን መሬት የሚያርስበት ተራ መንደር ይመስላል። ግን መሬቱ የገበሬው አይደለም፤ ውኃውን የሚገዛለት ማኅበር ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ደግሞ የጎረቤቱ ዕዳ የእሱም ዕዳ ነበር።

“የኅብረት ሥራ” ሲባል የእኛ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው በደርግ ዘመን መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባለ መሬቱም በሬውም ደረጃ በደረጃ ወደ ጋራ የተጠቃለለበት አሠራር ነው። ሞሻቭ ከዚያ ይለያል፤ ከኪቡትስም ይለያል። በኪቡትስ ምርቱም ገቢውም የጋራ ነበር። በሞሻቭ እርሻው የቤተሰቡ፣ ትርፉም የቤተሰቡ ነው፤ የጋራ የሆነው ግዢው፣ ሽያጩ፣ ብድሩ፣ ውኃውና ከባድ መሣሪያው ነው። ሞሻቭ ሺቱፊ የሚባል መካከለኛ ዓይነትም አለ፤ እርሻው በጋራ ይሠራል፣ ኑሮው በየቤቱ ነው። የመጀመሪያው በ1936 የተመሠረተው ክፋር ሒቲም ነው፤ ቁጥራቸው ግን ምንጊዜም ጥቂት ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከናሃላል ተነስቶ

የመጀመሪያው ሞሻቭ ናሃላል ነው፤ በ1921 በይዝራኤል ሸለቆ ተቆረቆረ። መሥራቾቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በዴጋንያ ኪቡትስ ኖረው የጋራ ኑሮ ያልተስማማቸው ነበሩ። ቦታው ረግረግ፣ ወባውም ብርቱ ነበር። መሬቱን የገዛው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ (ቀረን ቀየመት) ነው፤ ገዝቶ ግን ለገበሬዎቹ አልሰጠም፣ አከራያቸው እንጂ። የሞሻቭ አጥንቱ ይህ ነው።

የተነሱበት ደንብ አራት ነገር ነበር፦ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ይቀራል፤ ቤተሰቡ ራሱ ያርሳል፣ ቅጥረኛ አያስገባም፤ ሲቸግር ይረዳዳሉ፤ የሚገዛውም የሚሸጠውም በማኅበር በኩል ነው። አራቱ ተያይዘው ነው የሚቆሙት። ቅጥረኛ ካልተፈቀደ ማንም ከጉልበቱ በላይ መሬት መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ድርሻው እኩል ይሆናል። በናሃላል ለአንድ ቤተሰብ ወደ 100 ዱናም ደረሰው። አንድ ዱናም 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤ አሥሩ አንድ ሄክታር፣ አራት መቶው ደግሞ አንድ ጋሻ ያህል ይሆናል። ያ ሁሉ መሬት ያስፈለገው እርሻው ዝናብ ጠባቂ ስለነበረ ነው። በ1948 እስራኤል ከተመሠረተች በኋላ በመስኖ ለተቆረቆሩት ሞሻቮች ለቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዱናም ይበቃል ተባለ።

የመንደሩን ንድፍ የሠራው አርክቴክት ሪቻርድ ካውፍማን ነው። መሐሉ ላይ የጋራ ቤቶች፣ በዙሪያው የገበሬዎቹ ቤቶች በክብ፣ ከየቤቱ ጀርባ ደግሞ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ማሳ። ማንም ከማንም ይልቅ ለመሐሉ አይቀርብም። በፎቶ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን ክብ ከሞላ ሞላ ነው፣ ተጨማሪ ቤት የሚገባበት ቦታ የለውም። በኋላ የመጡት ሞሻቮች አብዛኞቹ በመንገድ ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ናቸው።

ከመርከብ ወደ መንደር

ናሃላልን የመሠረቱት ፈልገው፣ ተከራክረው፣ ደንቡን ራሳቸው ጽፈው የገቡ ሰዎች ናቸው። ከ1948 በኋላ የተመሠረቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሞሻቮች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ከሞሮኮ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከኩርዲስታን፣ ከሩማንያ የመጣውን ሕዝብ መንግሥትና ሶኽኑት (ስደተኞችን የሚያሰፍረው የአይሁድ ኤጀንሲ) ወደ ገጠር ላኩት። ከሕንድ ኮቺን የመጡት በ1954 በኔጌብ ኔቫቲም ገቡ። በዚያው ዓመት “ከመርከብ ወደ መንደር” የተባለው አሠራር ተጀመረ፤ ስደተኛው ወደብ ላይ ሲወርድ የሚሄድበት ሞሻቭ ተወስኖለታል፣ መኪናውም ቆሞ ይጠብቀዋል። በጨለማ ተጉዘው፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ሲደርሱ “ከመኪናው አንወርድም” ያሉ ነበሩ። አብዛኞቹ በአገራቸው ነጋዴ ወይም የእጅ ባለሙያ ስለነበሩ ማረስን የተማሩት እዚያው ነው።

በዕቅድ በኩል የተሟላው ሙከራ የላኺሽ አካባቢ ነው። ሥራው በ1955 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው መንደር ኦጼም የሞሮኮ ስደተኞች የገቡበት ነበር። አሠራሩ ሦስት እርከን ነበረው። ከታች ከ80 እስከ 100 ያህል ቤተሰብ የሚይዙ ሞሻቮች፤ ለጥቂት ሞሻቮች አንድ የገጠር ማዕከል፣ ለምሳሌ ኔሆራ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የትራክተር ጣቢያ ያለበት፤ ከላይ ደግሞ ከተማዋ ቂርያት ጋት ከጥጥ መዳመጫዋና ከስኳር ፋብሪካዋ ጋር። ገበሬው ጥጥ፣ ስኳር የሚወጣበት ሥር (ሹገር ቢት) እና ለውዝ ያመርት፣ ከተማዋ ትፈበርክ ነበር። ባንድ መንደር ውስጥ ያንድ አገር ሰዎች ብቻ እንዲኖሩ የተደረገውም ከስህተት በመማር ነው። ቀደም ሲል ከተለያየ አገር የመጡትን ባንድ ሞሻቭ ሲቀላቅሏቸው ማኅበሩ በጸብ ይፈርስ ነበርና፣ መቀላቀሉን ወደ ማዕከሉ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አወጡት።

አዲስ ገቢው ወዲያው መሬት አይረከብም ነበር። መጀመሪያ ማሳውን ሶኽኑት ወይም አንድ ኩባንያ ያስተዳድረዋል፣ ስደተኛው በቀን ደሞዝ ይሠራበታል። ቀጥሎ ትንሽ የጓሮ ቦታ፣ ጥቂት ዶሮ፣ ከዚያ ላም ወይም የመስኖ ማሳ ይሰጠዋል። የእርሻ አሠልጣኝ፣ የቤት አያያዝ አሠልጣኝና የማኅበር ጸሐፊ ከውጭ ተመድበውለታል። ችግሩ ጸሐፊው ላይ ነበር። መዝገቡን የሚይዘው፣ ከባንክ ጋር የሚነጋገረው፣ ዕብራይስጥ የሚችለው እሱ ነው፤ አባላቱ የማያነቡት ወረቀት ላይ ፈርመዋል። አሠልጣኞቹ ሲወጡ ደግሞ በብዙ ቦታ ሥልጣኑ ወደ ትልቁ ዘመዳሞች ቡድን ዞረ፤ የትራክተር ነጂነቱም የመጋዘን ቁልፉም እንዲሁ።

የጋራው ኪስ

ማኅበሩ አጉዳ ይባላል። ከመንግሥት የኅብረት ሥራ መዝጋቢ ዘንድ የተመዘገበ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ነው፤ የሚገዛበት ሕግ ከእንግሊዞች ዘመን፣ ከ1933 የመጣ ነው። አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ሒሳብ የሚቆጣጠር ሌላ ኮሚቴም አለ፣ ወይም ሊኖር ይገባ ነበር።

ሁሉ ነገር በአጉዳው በኩል በሚያልፍበት ጊዜ ገንዘቡ እንዴት እንደሚዞር በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። አንድ አባል በወር 40,000 ሼክል የሚያወጣ ወተት ለትኑቫ አስረከበ። ትኑቫ በ1926 የገበያ ኅብረት ሆኖ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ገንዘቡን ለገበሬው አይልክም፤ የሚልከው ለአጉዳው ነው። አጉዳው የመኖ 19,000፣ የውኃ 1,500፣ የእንስሳት ሐኪምና የማዳቀያ 1,200፣ የብድር 6,000፣ የመንደር መዋጮ 1,300 ቀንሶ የቀረውን 11,000 በገበሬው ስም ያስቀምጣል። ገበሬው ከመጋዘን መኖ ሲወስድ ጥሬ ገንዘብ አያወጣም፣ ይፈርማል እንጂ። ምንም ጥሪት ያልያዘ ስደተኛ ላምና ቱቦ ሊኖረው የቻለው በዚህ አሠራር ነው፤ ባንክ ለእሱ ለብቻው አንድ ሼክል አያበድረውም ነበር።

ውኃውም በዚሁ መንገድ ይመጣል። በ1959 በወጣው ሕግ ውኃ በሙሉ የሕዝብ ሀብት ነው፤ የሚያቀርበው በአብዛኛው ሜኮሮት የተባለው ድርጅት ነው። ሞሻቩ በዓመት የተወሰነ ሜትር ኩብ ኮታ አለው። ሜኮሮት የሚያነበው በመንደሩ መግቢያ ያለውን ዋና ቆጣሪ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየማሳው ያሉትን ቆጣሪዎች የሚያነበው አጉዳው ነው። የየማሳው ድምር ከዋናው ቆጣሪ ምንጊዜም ያንሳል፤ ያረጀ ቱቦ ያንጠባጥባል፣ ያረጀ ቆጣሪ አሳንሶ ይቆጥራል። ልዩነቱን የሚከፍሉት ሁሉም ናቸው። ልዩነቱ በድንገት ከሰፋ አንድም የፈነዳ ቱቦ፣ አንድም ከቆጣሪው በፊት የተቀጠለ መስመር አለ ማለት ነው፤ ጠንቃቃ ጸሐፊ ሌሊት ማንም በማያጠጣበት ሰዓት ዋናውን ቆጣሪ ሄዶ ያየዋል።

ይህ አሠራር የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ዕዳ ያለበት አባል ምርቱን በአጉዳው በኩል ቢልክ ገንዘቡ ለዕዳው ይቀነሳል፤ ስለዚህ ለነጋዴ በስውር ይሸጣል። መኖውን ግን ከአጉዳው በዱቤ መውሰዱን አይተውም፣ ዕዳው ያድጋል። ኮሚቴው “በቃህ” ማለት አለበት፤ ኮሚቴው ደግሞ ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ የልጁ ክርስትና አባት ቢጤ ነው፤ እንዴት አድርጎ መኖ ይከልክለው? በእኔ ግምት የሞሻቭ ትልቁ ድክመት እዚህ ነው ያለው፤ የሚያበድረውና ተበዳሪውን የሚከለክለው አንድ ሰው ሆነ፣ ያም ሰው በየሰንበቱ ከተበዳሪው ጋር አብሮ ይጸልያል።

የ1985ቱ ውድቀት

ሁሉንም ያሰረው ገመድ የጋራ ዋስትና ነው። እያንዳንዱ አባል ለማኅበሩ ዕዳ በሙሉ ይዋሳል። ማኅበሮቹ ደግሞ ባካባቢ ተሰብስበው የግዢ ድርጅቶች አቋቁመው ነበር፤ የግዢ ድርጅቱ ከባንክ ይበደራል፣ ለሞሻቮቹ ያከፋፍላል። ስለዚህ አንድ ገበሬ ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን አይቶት ለማያውቀው ሞሻቭም ጭምር ተጋልጧል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዋጋ ንረቱ እየጋለበ ስለነበር መበደር ብልህነት ነበር፤ ዕዳው በንረቱ እየሟሸሸ ይሄዳል። በ1984 ንረቱ 445 በመቶ ደረሰ። በሐምሌ 1985 መንግሥት የማረጋጊያ ዕቅድ አወጣ፤ ንረቱ ቆመ፣ ወለዱ ግን እላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ትናንት የሚሟሸሸው ዕዳ ዛሬ በየወሩ የሚያብጥ ሆነ። የግዢ ድርጅቶቹ ተራ በተራ ወደቁ።

ዋስትናው ምን እንደሚያደርግ በስሌት ይታያል። 60 አባላት በጋራ 6 ሚሊዮን ዕዳ አለባቸው እንበል፤ ለእያንዳንዱ 100,000 ይደርሳል። 20ው መክፈል ቢያቅታቸው የቀሩት 40 እያንዳንዳቸው 150,000 ይደርሳቸዋል። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ 100,000ውን እንደምንም የሚችሉ፣ 150,000ውን ግን የማይችሉ አሉ፤ አሥሩ ሲወድቁ የቀሪው 30 ድርሻ 200,000 ይሆናል። ድርሻውን በጊዜው የከፈለው ሰው ጭምር ይሰምጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብልህ ሰው የሚያደርገው ቀድሞ ምርቱን ከማኅበሩ ማውጣት ነው፤ ሁሉም ያንን ሲያደርግ ማኅበሩ ገቢ ያጣል። መዝገቡ ላይ ትርፍ ያለው ገበሬም ገንዘቡን ማውጣት አልቻለም፤ ገንዘቡ የለማ።

በ1992 የጋል ሕግ ወጣ፤ በክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) አባሉ በገዳልያ ጋል ስም የሚጠራ ነው። አስታራቂ ባለሥልጣናት ተሾሙ፤ የማኅበሩን ዕዳ ለየቤተሰቡ ዘረዘሩ፣ ከፊሉን ሰረዙ፣ የቀረውን በመክፈል አቅሙ ልክ አራዘሙ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ሞሻቮች አጉዳው ውኃ ከማከፋፈልና መሬት ከማስተዳደር ያለፈ ሥራ የለውም፤ ገበሬው ለብቻው ይገዛል፣ ለብቻው ይሸጣል።

የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ወደ እስራኤል የገቡበትን ጊዜ ከዚህ ጎን አስቀምጡት። የሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ነው፤ ንረቱ ጣሪያ በነካበት ወቅት። በሰሎሞን ዘመቻ፣ በግንቦት 1991፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ የሞሻቮቹ ዕዳ ገና ፍርድ ላይ ነበር። ነጋዴና ወርቅ ሠሪ የነበረው የየመንና የሞሮኮ ስደተኛ በ1950ዎቹ እርሻ ተሰጠው፤ ከጎንደር ገጠር የመጣው ገበሬ ግን ካራቫን (ተንቀሳቃሽ ጊዜያዊ ቤት) ውስጥ ገብቶ ወደ ከተማ አፓርታማ ተላከ። ዕዳው ብቻውን ምክንያት አልነበረም፤ ውኃውም የወተትና የእንቁላል ኮታውም ቀድሞ ተይዞ አልቋል፣ መንግሥትም አዲስ የእርሻ መንደር መሥራቱን አቁሟል። ለስደተኛ ገበሬ የተሠራው አሠራር ገበሬው በመጣ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ መሬቱ በማን እጅ ነው

ዛሬ ከ400 በላይ ሞሻቮች አሉ። የገበሬው ድርሻ ናሐላ ይባላል፤ ቤቱ ያለበት ግቢ፣ ከጀርባው ያለው ማሳና ራቅ ብሎ በሌላ ቦታ የሚገኘው ማሳ ተደምረው አንድ ናሐላ ናቸው። መሬቱ የመንግሥት ወይም የቀረን ቀየመት ነው፤ የሚያስተዳድረው የእስራኤል መሬት ባለሥልጣን ነው። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ያም መብት በሁለት ዓይነት ውል ይመጣል። አንደኛው መሬት ባለሥልጣኑ፣ ሶኽኑትና አጉዳው ሦስቱ የሚፈራረሙትና በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ነው፤ እዚህ ገበሬው በሕግ ዓይን “ባለፈቃድ” ብቻ ነው። ሁለተኛው የ49 ዓመት ሊዝ ነው፤ ይህ ጠንካራ መብት ነው።

ልዩነቱ በውርስ ጊዜ ይነክሳል። ናሐላ ለልጆች አይከፋፈልም፤ የሚተካው ቤን ማምሺች የሚባለው አንድ ልጅ ከትዳር ጓደኛው ጋር ነው፤ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። በሦስትዮሽ ውል ባሉ ብዙ ሞሻቮች የባለፈቃዱ መብት የውርስ ሀብት ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ አባት በኑዛዜ “ለሁለተኛው ልጄ” ብሎ ቢጽፍ ኑዛዜው ናሐላውን ላይነካው ይችላል። መብቱ መጀመሪያ በሕይወት ላለው ባል ወይም ሚስት፣ ቀጥሎ ለተሾመው ተተኪ ይሄዳል። ተተኪ ካልተሾመ ወራሾቹ መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ ፍርድ ቤት የ1965ቱን የውርስ ሕግ አንቀጽ 114 መነሻ አድርጎ እርሻውን ሊይዘው ለሚፈልግና ለሚችለው ይሰጣል፣ እሱም ለወንድምና እህቶቹ ካሳ ይከፍላል። በጣም የሚደጋገመው ጠብ ልጅ በወላጆቹ ግቢ ላይ በራሱ ገንዘብ ቤት ሠርቶ፣ “ያንተ ነው” መባሉን ብቻ ይዞ፣ በጽሑፍ ሳይሾም ወላጆቹ ሲሞቱ ነው። ሹመቱ በሁለቱም ወላጆችና በልጁ ፊርማ ተጽፎ ለአጉዳው፣ ለሶኽኑትና ለመሬት ባለሥልጣኑ መድረስ አለበት።

በብዙ ናሐላ ላይ ሁለት መኖሪያ ቤትና 55 ካሬ ሜትር ድረስ የሆነ አንድ ትንሽ የወላጆች ክፍል ይፈቀዳል። ከዚያ ያለፈውን ጣሪያ ሁሉ ተጠራጠሩት። የወደቀ የዶሮ ቤትን ለመጋዘን ወይም ለጋራዥ ማከራየት ጥሩ ገቢ አለው፤ የመሬቱ ውል ግን ለእርሻ ነውና ባለሥልጣኑ ላለፉት ዓመታት ጭምር የመጠቀሚያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ከዚያም ይከሳል። ማሳውን ለሌላ አራሽ ማከራየትም ፈቃድ ይፈልጋል፤ በተግባር ግን በየሞሻቩ ሁለት ሦስት ትልልቅ አራሾች የጎረቤቶቻቸውን ማሳ ያርሳሉ። ቅጥረኛ አይግባ የተባለው ደንብም ከቀረ ቆይቷል፤ በደቡቡ በረሃ በአራባ ባሉ ሞሻቮች ቃሪያውን የሚለቅመው ከታይላንድ የመጣ ሠራተኛ ነው።

ሞሻቭ ውስጥ ቤት መግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው የትኛውን ዓይነት እንደሚገዛ ነው። ናሐላ አንድ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ በሞሻቮች ጥግ የተሠሩት የማስፋፊያ ሰፈሮች ሌላ ናቸው፤ ግማሽ ዱናም ያህል ቦታ፣ የእርሻ መብት የሌለው፣ ብዙ ጊዜም የአጉዳው አባልነት የሌለው። የመንደሩን መብራትና መንገድ የሚያስተዳድረው ቫአድ እና መሬቱን የያዘው አጉዳ የተለያዩ ናቸው፤ ነዋሪው በመጀመሪያው ይመርጣል፣ በሁለተኛው ላይመርጥ ይችላል። በኔጌብና በገሊላ ባሉ ትንንሽ መንደሮች ደግሞ በ2011 ሕግ የጸደቀ የቅበላ ኮሚቴ አለ። በዘር መለየት በሕጉ ተከልክሏል፤ “ከማኅበረሰቡ ጋር አይስማማም” ብሎ መመለስ ግን ይቻላል፣ ክርክሩም ከዚህ ይነሳል።

ናሐላ ከሆነ ከቤቱ ውበት በፊት የሚታዩ ወረቀቶች አሉ፦ የውሉ ዓይነት፣ የሻጩ ሒሳብ በአጉዳው መዝገብ ላይ ያለበት ሁኔታ፣ ከጋል ሕግ የቀረ ዕዳ መኖር አለመኖሩ፣ የውኃና የወተት ወይም የእንቁላል ኮታው ከናሐላው ጋር ይተላለፍ እንደሆነ፣ ለወራሽነት የተሾመ ልጅ መኖሩ። የመጨረሻው ከተዘነጋ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል፤ የተሾመው ልጅ ፈርሞ መልቀቅ አለበትና። ከዚያ ቀያሽ ተቀጥሮ ግቢው ላይ ያለ ጣሪያ ሁሉ ይለካል፣ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር ይመሳከራል። መሬት ባለሥልጣኑ ዝውውሩን ከመፍቀዱ በፊት ይህንኑ ካርታ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃድ የሌለውን ማን በማን ወጪ እንደሚያፈርስ ቅድሚያ ክፍያው ከመሰጠቱ በፊት ውሉ ላይ ይጻፋል።